ናይትሮጂን ከሥጋ ቤት እስከ መካኒሳ ጎመን

በፋሲካ ማግስት ከጎፋ እስከ ጀሞ ባሉት ሥጋ ቤቶች ባዶ ወንበር አይገኝም። ቆራጩ ከተሰቀለው ሽንጥ ላይ እየገመሰ ሚዛን ላይ ይጥላል። «ከሻኛው ጨምርበት» የሚል ድምፅ ከአንድ ጥግ፣ «ጮማ አታብዛብን» የሚል ከሌላው ይሰማል። አዋዜው፣ ሚጥሚጣውና ሰናፍጩ ቀርቧል። 55 ቀን ሙሉ በሽሮ፣ በምስርና በጎመን የከረመ ሆድ በአንድ ሌሊት ወደ ዶሮ ወጥ፣ በማግስቱም ወደ ቁርጥ ተሻግሯል።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ የቀረበው ሩብ ኪሎ ቀይ ሥጋ 50 ግራም ያህል ፕሮቲን ይይዛል። ከፕሮቲን ክብደት 16 በመቶው ናይትሮጂን ስለሆነ፣ በላተኛው 8 ግራም ገደማ ናይትሮጂን ዋጠ ማለት ነው። ስብና ስኳር ሲቃጠሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ሆነው ያልቃሉ፤ በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት ያለ ብዙ ጣጣ ይወጣሉ። ናይትሮጂን ግን በትንፋሽ አይወጣም። ሰውነት ትርፍ ስብን በቆዳ ሥርና በሆድ ዙሪያ ያከማቻል፤ ስኳርን በጉበትና በጡንቻ ያስቀምጣል። ለትርፍ ፕሮቲን ግን ጎተራ የለውም። የዕለቱን ትርፍ በቀናት ውስጥ ፈትቶ፣ ናይትሮጂኑን አስተካክሎ ማስወጣት ግዴታው ነው።

ይህ ሥራ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ መርዛማው ነገር ወደማይጎዳ ነገር ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ይወጣል። ይህን ጉዳይ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ በቅርብ ላየው ሰው፣ ሰውነት የማይስተው ይህ ቅደም ተከተል ከሰውነት ወጥቶ ከተማው እጅ ሲገባ እንዴት እንደሚፈርስ ግልጽ ሆኖ ይታየዋል።

ከጉበት እንጀምር። ፕሮቲን በጨጓራና በአንጀት ተሰባብሮ አሚኖ አሲድ ይሆናል። ሰውነት የሚያስፈልገውን ወስዶ ጡንቻ ይጠግንበታል፣ ኢንዛይም ይሠራበታል፣ ፀጉርና ጥፍር ያበቅልበታል። የራሱንም ፕሮቲን ሳያቋርጥ እያፈረሰ ይሠራል፤ በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ በቀን ከ250 እስከ 300 ግራም ፕሮቲን ይፈርሳል፣ አብዛኛውም ተመልሶ ለግንባታ ይውላል። አክፋዩ ሰው ምንም ሳይቀምስ ውሎ ሲያድር እንኳ ሽንቱ ውስጥ ዩሪያ የማይጠፋው ለዚህ ነው። የተረፈው አሚኖ አሲድ ጉልበት ሆኖ ከመቃጠሉ በፊት ግን ናይትሮጂን የያዘው ክፍሉ መነቀል አለበት፤ ከዚያም የሚገኘው አሞኒያ ነው።

አሞኒያን ለማወቅ ላብራቶሪ መግባት አያስፈልግም። ሳይጸዳ የቆየ የሕዝብ ሽንት ቤት በሩ ሲከፈት ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ እሱ ነው። በደም ውስጥ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ አንጎልን ያውካል። ጉበታቸው በሄፓታይተስ ቫይረስ ወይም በአልኮል ምክንያት ጠባሳ የወረሰው ሕመምተኞች ቤተሰቦች ይህን በሚገባ ያውቁታል። ሰውየው ቀን ያንቀላፋል፣ ሌሊት ዓይኑ አይከደንም። የልጆቹን ስም ያቀያይራል። ሐኪሙ ሁለት እጁን ወደፊት ዘርግቶ መዳፉን እንዲያቆም ሲጠይቀው መዳፉ በየመሃሉ ወደ ታች ይከዳዋል። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሌላ ነገር ነው፤ ከብዙ እንግልት በኋላ ሆስፒታል ሲደርሱ የሚታዘዝላቸው ላክቱሎስ የተባለ ጣፋጭ ሽሮፕ ይሆናል። ሽሮፑ አንጀት ውስጥ ያለውን አሞኒያ እዚያው ይዞ ከሰገራ ጋር እንዲወጣ ያደርጋል። እንዲህ ግራ የተጋባ ሰው ሽሮፑን ወስዶ በቀናት ውስጥ ቤተሰቡን በስማቸው ሲጠራ ማየት፣ ጉበት ዕድሜ ልኩን በዝምታ ሲሠራው የኖረውን ሥራ ከየትኛውም መጽሐፍ በላይ ያስረዳል።

ጤነኛ ጉበት ሁለት ናይትሮጂኖችን ከአንድ ካርቦን ጋር አቆራኝቶ ዩሪያ ይሠራል። ካርቦኑ የሚገኘው በትንፋሽ ከምናስወጣው ከዚያው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ዩሪያ ሽታ የለውም፣ በውኃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፣ አንጎልንም አይነካም። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ዩሪያ ከአሞኒያ መቶ እጥፍ ገደማ በልጦ ይገኛል፤ ሆኖም ማንም አይታመምበትም። ጉበት ይህን ለውጥ የሚያገኘው በነጻ አይደለም። ከበላነው ምግብ ከሚገኘው ጉልበት ለእያንዳንዷ የዩሪያ ሞለኪውል ቆርጦ ይከፍላል።

ይህ ሥራ እንዴት እንደሚከናወን የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1932 ነው። ጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሃንስ ክሬብስ የተባለ ወጣት ሐኪም ኩርት ሄንሰላይት ከተባለ የሕክምና ተማሪ ጋር ሆኖ የአይጥ ጉበትን በስሱ እየቀረፈ፣ የተለያዩ ንጥረ ነገሮችን እየጨመረ ምን ያህል ዩሪያ እንደሚወጣው ይለካ ነበር። ኦርኒቲን የተባለ አሚኖ አሲድ ጥቂት ሲጨመር የዩሪያው መጠን ከተጨመረው ኦርኒቲን እጅግ በልጦ ወጣ። ኦርኒቲን ራሱ እንደማያልቅ ክሬብስ ተገነዘበ፤ ናይትሮጂን ይሸከማል፣ ሲትሩሊን ይሆናል፣ ቀጥሎ አርጂኒን ይሆናል፣ ዩሪያውን አራግፎ ተመልሶ ኦርኒቲን ይሆናል። በሕይወት ኬሚስትሪ ውስጥ እንዲህ ዞሮ መነሻው ላይ የሚገጥም መንገድ ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። በዓመቱ ናዚዎች ሥልጣን ያዙና ክሬብስ አይሁዳዊ በመሆኑ ብቻ ከሥራው ተባረረ፤ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። እ.ኤ.አ. በ1953 የኖቤል ሽልማት ያገኘው እዚያ ባገኘው በሌላ ዑደት ነው።

ወደ ፋሲካው እንመለስ፤ አንድ የሚደንቀኝ ነገር አለና። እ.ኤ.አ. በ1962 ሮበርት ሺምኬ የተባለ ተመራማሪ በአይጦች ላይ እንዳሳየው፣ የዩሪያ ዑደት ኢንዛይሞች መጠን እንደ ምግቡ ይወጣል ይወርዳል። ፕሮቲን ሲበዛ በቀናት ውስጥ ይጨምራሉ፣ ሲያንስ ይቀንሳሉ። ሰው ላይም የሚወጣው ናይትሮጂን ከምግቡ ለውጥ ጋር ለመስተካከል ጥቂት ቀን ይፈጅበታል። እንግዲህ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ጉበት በዐቢይ ጾም ሥራውን ቀነስ አድርጎ ይከርምና በትንሣኤ ሰሞን እንደገና ያፋጥነዋል፤ ይህም በየዓመቱ ይደጋገማል። ጤነኛ ሰው ይህን ፈጽሞ አይሰማውም። የሚሰማው ጉበቱ ወይም ኩላሊቱ ቀድሞ የተጎዳው ነው።

ሌላም ከፋሲካ ጋር የሚመጣ ናይትሮጂን አለ። እሱም ዩሪክ አሲድ ነው፤ ምንጩ ፕሮቲን ሳይሆን በየሕዋሱ አስኳል ውስጥ ያሉት ፒዩሪኖች ናቸው። ጉበትና ኩላሊትን በመሳሰሉ የሆድ ዕቃዎች ውስጥ ይበዛሉ፤ ስለዚህ ዱለት ከቁርጥ ይልቅ ዩሪክ አሲድን ያንራል፣ ቢራ ደግሞ ይጨምርበታል። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ዩሪክ አሲድን የሚሰብር ኢንዛይም አላቸው፤ የሰው ዘር ግን በሩቅ ቅድመ አያቶቹ ዘመን አጥቶታል። ዩሪክ አሲድ በደም ውስጥ ከ6.8 ሚሊግራም በዴሲሊትር ሲያልፍ እንደ መርፌ የሾሉ ቅንጣቶች ሊሠራ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም የሚሠፍረው በእግር አውራ ጣት መገጣጠሚያ ላይ ነው። ሪህ የያዘው ሰው ሌሊት አንሶላ እግሩን ሲነካው የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ከጉበት የወጣው ዩሪያ በደም ተጭኖ ኩላሊት ይደርሳል። ሁለቱ ኩላሊቶች እያንዳንዳቸው 150 ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ልብ ከሚረጨው ደም ግን አንድ አምስተኛ የሚሆነው ወደ እነሱ ይሄዳል። በእያንዳንዳቸው ውስጥ አንድ ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ማጣሪያዎች አሉ። በቀን 180 ሊትር ፈሳሽ ከደም ይጣራል፤ ከዚህ ውስጥ ሽንት ሆኖ የሚወጣው አንድ ተኩል ወይም ሁለት ሊትር ብቻ ነው። የቀረው ውኃ፣ ጨውና ስኳር ተመርጦ ይመለሳል። ከተጣራው ዩሪያም ግማሽ ያህሉ ይመለሳል፤ ይህም በከንቱ አይደለም። ኩላሊት ዩሪያን በውስጠኛው ክፍሉ እያከማቸ ውኃን መልሶ ለመሳብ ይጠቀምበታል። በጥር ፀሐይ ከላፍቶ እስከ ሃና ማርያም በእግሩ የሄደ ሰው ሽንቱ ጠቆር ብሎ የሚያንሰው በዚህ ጥበብ ነው፤ ሊወገድ የተዘጋጀው ቆሻሻ ከመውጣቱ በፊት አንድ የመጨረሻ አገልግሎት ይሰጣል።

ክሬቲኒን በዚህ መንገድ የሚወጣ ሌላው ናይትሮጂን የያዘ ቆሻሻ ነው። ከጡንቻ በየቀኑ ተመሳሳይ በሆነ መጠን ስለሚመነጭና ኩላሊት ስለማይመልሰው፣ ሐኪሞች የኩላሊትን አቅም የሚገምቱበት ዋና መለኪያ ሆኗል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ደግሜ ደጋግሜ ልለው የምፈልገው ነገር አለ። የክሬቲኒን ቁጥር ከመደበኛው በግልጽ የሚያልፈው ከኩላሊት አቅም ግማሽ ያህሉ ከጠፋ በኋላ ነው። እስከዚያ ሕመም የለም፣ ትኩሳት የለም፣ ሽንትም አይቋረጥም። ደም ግፊትና ስኳር ኩላሊትን የሚያደክሙት በዚህ ዝምታ ውስጥ ነው፤ ከፋርማሲ ያለ ትእዛዝ እየተገዙ ለወገብና ለጉልበት ሕመም ለወራት የሚዋጡት እንደ ዳይክሎፊናክ ያሉ ማስታገሻዎችም እንዲሁ። ሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን የሚያሳየው የወረቀት ምርመራ ደቂቃ አይፈጅም፣ ዋጋውም ትንሽ ነው። ግፊት ወይም ስኳር ያለበት ሁሉ ምንም ሳያመው በየዓመቱ ሊያደርገው ይገባል።

ሳይመረመሩ የዘገዩትን የምናገኛቸው በኩላሊት እጥበት ማዕከል ነው። ጀሞ የሚኖር ሕመምተኛ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሌሊት ተነሥቶ ታክሲ ይጠብቃል። ማዕከሉ ሲደርስ መጀመሪያ ሚዛን ላይ ይወጣል፤ ካለፈው እጥበት ወዲህ የጨመረው ኪሎ ሁሉ ያልወጣ ውኃ ነው። «ሲስተር፣ ዛሬ ስንት ይነሳልኝ?» የሚለው ጥያቄ ከሰላምታ ጋር አብሮ ይመጣል። ክንዱ ላይ ደም ቅዳና ደም መልስ በቀዶ ሕክምና የተገናኙበት ፊስቱላ አለ፤ ጣት ሲያርፍበት ከቆዳው ሥር የማያቋርጥ ንዝረት ይሰማል። ሕመምተኞች ማታ ከመተኛታቸው በፊት ያንን ንዝረት በጣታቸው ይፈልጉታል፤ ከጠፋ ፊስቱላው ተዘግቷል ማለት ነውና። ሁለት ወፍራም መርፌዎች ይገባሉ። በአንዱ ደም ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል፤ እንዲህ እያለ አራት ሰዓት ይሄዳል።

በማሽኑ ጎን በቆመው ግልጽ ቱቦ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ከፀጉር የቀጠኑ ቦዮች አሉ። ደሙ በውስጣቸው፣ የተጣራ ውኃና ጨው ያለበት ፈሳሽ በውጫቸው ይፈስሳል፤ ዩሪያው ከበዛበት ወዳነሰበት ያልፋል። ለአንድ ጊዜ እጥበት 120 ሊትር ያህል እጅግ የተጣራ ውኃ ያስፈልጋል፤ ይህም ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ማለት ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ውስጥ ይህን ማዘጋጀት ትልቅ ጥረት ነው። መብራት ድንገት ሄዶ ጄነሬተሩ ሲዘገይ ነርሷ የማሽኑን ፓምፕ በእጇ እያዞረች የሕመምተኛውን ደም ወደ ሰውነቱ ትመልሳለች።

አራቱ ሰዓት ሲያልቅ ከዩሪያው 65 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ እንዲወገድ ይጠበቃል። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ግን እንደገና መጠራቀም ይጀምራል። ኩላሊት በሳምንት 168 ሰዓት የሚሠራውን ማሽኑ በ8 ወይም በ12 ሰዓት ለመሸፈን ይሞክራል። በመሃሉ ሙዝ፣ አቮካዶና ቲማቲም በልክ ነው፤ የሚጠጣው ውኃ በብርጭቆ ይቆጠራል፤ ከቡና ሁለተኛውና በረካው የሌሎች ናቸው። የሚያሳክክ ቆዳ፣ ምግብ የሚያስጠላ የብረት ጣዕም፣ አፍ ላይ የሚቀር የአሞኒያ ሽታ የአብዛኞቹ ሕመምተኞች የጋራ ታሪክ ነው። የመጨረሻው ሽታ የሚመጣው ምራቅ ውስጥ የገባውን ዩሪያ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች መልሰው ወደ አሞኒያ ስለሚለውጡት ነው።

የዚህ ማሽን መነሻ ኔዘርላንድስ በናዚ በተያዘችበት ወቅት ነው። ቪለም ኮልፍ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1943 ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ለቋሊማ መጠቅለያ የሚሆን ሴሎፎን በሚሽከረከር ከበሮ ላይ ጠምጥሞ የሕመምተኛ ደም አሳለፈበት። ከሞከረላቸው አብዛኞቹ ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1945 አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከኮማ ነቅተው ለመዳን በቁ፤ ከእሳቸው በኋላ ዘዴው በዓለም ተዳረሰ። በአገራችን ዛሬም ችግሩ ዋጋው ነው። በመንገድ ዳር በድምፅ ማጉያ፣ በታክሲ ውስጥ የሐኪም ወረቀት በእጁ ይዞ «ለኩላሊት እጥበት» የሚለውን ወገን የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ያውቃል። መስከረም 2008 ዓ.ም. የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በአገር ውስጥ የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማድረጉ ለብዙዎች ሕንድና ሌላ አገር ከመሄድ የቀረበ ተስፋ ሆኗል። ኩላሊቱን የሚሰጠው ግን በሕይወት ያለ ዘመድ ነው፤ ከዘመድም የሚስማማው ጥቂት ነው።

ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ደግሞ ዩሪያውን ወደ ሽንት ቤት ይለቅና ይረሳዋል። ናይትሮጂኑ ግን ጉዞውን አልጨረሰም።

ከወጨጫ ተራራ በኩል የሚመጣው ትንሹ አቃቂ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ በመካኒሳና በላፍቶ አልፎ ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይወርዳል። ከከተማው ፍሳሽ በመስመር ተሰብስቦ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ አለ፤ የቃሊቲው ማጣሪያ ከተስፋፋ በኋላ በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ሆኖ ተሠርቷል። መስመሩ ያልደረሰባቸው ቤቶች ግን ብዙ ናቸው። እነሱ ጉድጓድ አላቸው፤ ጉድጓዱ ሲሞላ ቦቴ መጥቶ ይመጥጣል፤ ሳይመጠጥ የቀረው በዝናብ ጊዜ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ጉበት ከፍሎ ያስተካከለው ዩሪያ ወንዙ ውስጥ ባክቴሪያ ያገኘዋል፣ ባክቴሪያውም መልሶ አሞኒያ ያደርገዋል። በበጋ መካኒሳ ድልድይ ላይ አፍንጫ የሚያስይዘው ሽታ ሰውነታችን በጥንቃቄ ያሰረው ነገር እንደገና ተፈትቶ ነው። ሰውነት ሳይለውጥ አያስወጣም፤ እኛ ግን ሳንለውጥ ወደ ታች ላሉት እንለቃለን። የሚያሳዝነኝም፣ ወንዙ ዳር የሚኖረውና የሚያርሰው ሰው ከተማው የበላውን ሁሉ የሚሸከም መሆኑ ነው።

በወንዙ ዳር ለአሥርተ ዓመታት አትክልት ሲመረት ኖሯል። አክሱማይት ገብረ እግዚአብሔር እ.ኤ.አ. በ1994 በታተመ ጥናታቸው የመካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ የአትክልት አምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበርን መርምረው፣ ይህ ሥራ የድሃ ቤተሰቦች መብልና ገቢ መሆኑን አሳይተዋል። ማሳው በግንባታ እየጠበበ ቢመጣም ሥራው በዓይን የሚታይ ነው። ገበሬው በጎማ ቦት ጫማ ቆሞ የቦዩን አፍ በአካፋ ይከፍታል፤ ጥቁር ውኃ በሰላጣው፣ በቆስጣውና በጎመኑ መደብ መሃል ቀስ እያለ ይገባል፤ አንዱ መደብ ሲጠግብ በጭቃ ዘግቶ ሌላውን ይከፍታል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ሰፊና ወዛም ነው፤ ናይትሮጂን የጠገበ ቅጠል እንዲህ ነው። አፈር ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ናይትሬት ያደርጉታል፣ ሥሩም ይጠጣዋል። ያ ውኃ ናይትሮጂን ብቻ ይዞ ቢመጣ ኖሮ ማንም አይከፋውም ነበር። ግን ከሰው አንጀት የወጣ ጀርምና የትል እንቁላል፣ ከፋብሪካና ከጋራዥ የወጣ ብረትም አብሮት አለ። ፍሰሃ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች ውስጥ ያሉ ብረቶችን መርምረው ጥናታቸውን ካሳተሙ ወዲህ ይህ ሥጋት ተደጋግሞ ተነሥቷል። ጎመኑን በሚገባ ማብሰል ጀርሙን ይገድላል፤ ብረቱን ግን አያወጣውም።

ቦዩ ውስጥ ያልገባው ናይትሮጂን አባ ሳሙኤል ይደርሳል። እዚያም የሐይቁን ፊት የሸፈነውን እምቦጭ ይመግባል።

ይህ ሁሉ ሲሆን አገሪቱ ናይትሮጂን በውጭ ምንዛሪ ትገዛለች። አርሶ አደሩ በማዳበሪያ ስሙ የሚያውቀው ዩሪያና ጉበት የሚሠራው ዩሪያ አንድ ናቸው፤ ፍሪድሪክ ቮለር እ.ኤ.አ. በ1828 ያለ ኩላሊት በላብራቶሪ የሠራውም ያንኑ ነው። ነሐሴ 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ከዳንጎቴ ግሩፕ ጋር በሶማሌ ክልል ጎዴ በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን የሚያመርት የዩሪያ ፋብሪካ በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ለመገንባት ተፈራርሟል። ፋብሪካው ያስፈልጋል፤ ያንን ያህል ማዳበሪያ ከሽንት አይገኝም። ሆኖም ባለ 50 ኪሎ የዩሪያ ጆንያ 46 በመቶው፣ ማለትም 23 ኪሎው ናይትሮጂን ነው። አንድ ሰው በቀን 10 ግራም ገደማ ቢያስወጣ፣ የስድስት ሰባት ሰው ቤተሰብ በዓመት የአንድ ጆንያ ናይትሮጂን በሽንት ያስወጣል።

ሽንትን ማዳበሪያ የማድረግ ሐሳብ በአገራችን ተሞክሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2010 በአርባ ምንጭ በተካሄደው ሮዛ የተባለ ፕሮጀክት ሽንትን ከሰገራ የሚለዩ መጸዳጃዎች ተሠርተው ነበር። አሠራሩ ውስብስብ አይደለም። ሽንቱ በተከደነ ዕቃ ውስጥ እስከ ስድስት ወር ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ ዩሪያው ወደ አሞኒያ ተለውጦ ውስጡ ያለውን ጀርም ይገድላል። ከዚያ በውኃ ተበርዞ በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በተክሉ ሥር፣ አፈር ውስጥ ይፈስሳል፤ አፈርም ወዲያው ይመለስበታል፣ ናይትሮጂኑ አሞኒያ ሆኖ ተንኖ እንዳይጠፋ። በጀሞ ዓይነት ኮንዶሚኒየም ግን ይህን ለማድረግ ከመጸዳጃው የሚወርድ ሁለተኛ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ሕንፃው ካለቀ በኋላ ግድግዳ ከመስበር፣ አሁን በየአቅጣጫው እየተጀመሩ ባሉት አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ ገና ከንድፉ ቱቦውን ማስገባት ይቀልላል።